ጽሑፌን ከነቀይ እስክሪብቶው መልሱልኝ

የክብር እንግዳው አርባ ደቂቃ ዘግይተው መጡና ሃያ አምስት ደቂቃ ተናገሩ። ከዚያ የአጭር ፊልም ጽሑፍ ውድድሩ አሸናፊዎች ስም ተጠራ። ሦስተኛ ወጣሁ። መድረክ ላይ ወጥቼ እጅ ጨበጥኩ፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ ሰርተፊኬት ተቀበልኩ። ወንበሬ ላይ ተመልሼ ሳየው የአባቴ ስም ተሳስቷል። ይሁን አልኩ፤ ስም ይታረማል።

ያልታረመልኝ ጽሑፌ ነው። ከዳኞቹ አንዱን በሩ ላይ ጠብቄ «ጋሼ፣ ስክሪፕቴ ላይ ምን አዩበት? የቱ ጋ ደከመ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ጎበዝ! በርታ!» አሉኝና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወደ መኪናቸው ሄዱ። አሥር ገጽ ጽፌ፣ አራት ወር ጠብቄ፣ ሦስተኛ ወጥቼ የተማርኩት ሁለት ቃል ነው። በምኑ ልበርታ? በየትኛው ገጽ?

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ንዴቴን ለማብረድም ማንም ቡና እንዳያፈላልኝ። እስከዚያ ሽልማት ድረስ በስድስት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ውድድር ገብቼ ነበር። በአንዱ ሦስተኛ ወጣሁ፤ በሌላው ስሜ ለመጨረሻው ዙር ካለፉት አሥር ውስጥ ነበር። ከቀሩት ሰባቱ ግን «አልተመረጥክም» የሚል አንድ መስመር እንኳ አልደረሰኝም። ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ብትወረውር ውሃ ይኑረው አይኑረው በድምፁ ታውቃለህ። እኔ ሰባት ድንጋይ ወርውሬ ድምፅ አልሰማሁም።

እናንተ የውድድር አዘጋጆች፣ እስቲ ፊት ለፊት እንነጋገር። በየማመልከቻ ቅጻችሁ ግርጌ «የዳኞች ውሳኔ የመጨረሻ ነው» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች። የመጨረሻ ይሁን፤ አልከራከርም። ነገር ግን ምክንያት የሌለው ውሳኔ የዕጣ ቁጥር ነው። ዕጣ ከሆነ ደግሞ ንገሩንና አሥር ገጽ ከመጻፍ ከሎተሪ አዟሪ ትኬት እንግዛ።

«ተወዳዳሪው ብዙ ነው፣ ለሁሉ አስተያየት መስጠት አይቻልም» ትላላችሁ። እንቁጠረው። ሁለት መቶ ጽሑፍ መጣ እንበል። አሥር ገጽ በጥሞና አንብቦ ግማሽ ገጽ አስተያየት ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሁሉም ተደምሮ መቶ ሰዓት ነው። አምስት ዳኛ ካለ ለአንድ ሰው ሃያ ሰዓት ይደርሰዋል። አራት ወር አስጠብቃችሁን ሃያ ሰዓት ካጣችሁ ጽሑፉን አላነበባችሁም ማለት ነው። ካላነበባችሁት ምኑን ዳኛችሁት? ሁለት መቶው ከበዛባችሁ ሃምሳ ብቻ ተቀበሉ። ለአዳራሹ፣ ለባነሩና ለኩኪሱ የወጣው ብር ለሦስት ጥሩ አንባቢ የሁለት ሳምንት አበል ይሆን ነበር።

ደግሞ የ«መልእክት» ነገር አለ። ከገባሁባቸው ውድድሮች አብዛኞቹ ርዕሱን አስቀድመው የሚሰጡ ነበሩ፦ ሕገወጥ ስደት፣ ሥራ ፈጠራ፣ ሰላም፣ የሴቶች ጥቃት። ርዕስ መስጠት ነውር የለውም። ነውሩ መመዘኛው ላይ ነው፤ «የሚያስተላልፈው መልእክት» ከሁሉ የሚበልጠውን ነጥብ ይዞ ቁጭ ብሏል። ታዲያ ተወዳዳሪው ምን ያደርጋል? ዘጠነኛው ገጽ ላይ አንድ ሽማግሌ ያስገባል። ሽማግሌው ዛፍ ሥር ተቀምጠው በሊቢያ በረሃ ስለሚያልቀው ወጣት አንድ ገጽ ሙሉ ይናገራሉ። ወጣቱ ሻንጣውን መሬት ላይ ጥሎ ያለቅሳል። ተፈጸመ። ይህ የቀበሌ ስብሰባ እንጂ ፊልም አይደለም። ልጇ ከሄደ ወዲህ ስልኳን ኔትወርክ በሚይዝበት መስኮት ላይ አስቀምጣ፣ ከሥሩ ፍራሽ አንጥፋ የምታድር እናት ብታሳየኝ ስደት ምን እንደሆነ ሽማግሌ ሳያስፈልገኝ ይገባኛል። ዳኛው ግን «ምን ያስተምራል?» ብሎ ይጠይቅና ዜሮ ይሰጣታል።

እኔንም ንጹሕ አድርጋችሁ አትዩኝ። ያንን ሽማግሌ ዛፍ ሥር አስቀምጫቸዋለሁ። ሦስተኛ ያስወጡኝም እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስል እንዳልባል የራሴን ድስት ልክፈት። ከሽልማቱ አንድ ሳምንት በኋላ ያንን ስክሪፕት ሰፈራችን ላሉ አንድ ጡረተኛ የአማርኛ መምህር ወሰድኩላቸው። እኛ በደፈናው ጋሼ እንላቸዋለን። ፊልም ቤት ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። በልጅነታቸው ግን ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት ተቀምጠዋል። በሦስተኛው ቀን ልጅ ልከው አስጠሩኝ። ወረቀቱን ሳየው በቀይ እስክሪብቶ ደም መስሏል።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ይኼ ልጅህ ከእንቅልፉ እስኪነቃ፣ ፊቱን እስኪታጠብ፣ ፍርፍሩን እስኪበላ ሁለት ገጽ ፈጀብህ። ያለህ አሥር ገጽ አይደለም? የነቃ ለታ ጥራኝ።»

አራተኛው ገጽ ላይ ገጸ ባህርዬ ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ «ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ብታቆምልኝ» ይላል። ጋሼ መነጽራቸውን አወረዱ። «ይኼ ሰውዬ ለአገሩ እንግዳ ነው?» «አይ ጋሼ፣ መርካቶ ተወልዶ ያደገ ነው።» «ታዲያ ‹ወራጅ አለ› የማይለው ምን ሆኖ ነው?»

ሰባተኛው ገጽ ላይ ልጁ እናቱን ቀብሮ ሲመለስ ለጓደኛው «ውስጤ በጣም አዝኗል» ይለዋል። ከጎኑ ባለው ክፍት ቦታ «እኛስ የት ሄደን ነበር?» ብለው ጽፈውበታል። የሽማግሌውን ገጽ በአንድ ረጅም መስመር ከጫፍ ጫፍ ሰርዘው፣ ከሥሩ «እኒህን ሰውዬ ማን ጠራቸው?» ብለዋል።

አመመኝ። ቤቴ ገብቼ ሁለት ቀን ወረቀቱን አላየሁትም። «ፊልም የማያዩ ሰውዬ ስለ ፊልም ምን ያውቃሉ?» እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን ቁጭ ብዬ ሳነበው ትክክል ያልሆነች አንዲት ቀይ ምልክት አጣሁ። ዘጠኝ ውድድር ያልሰጠኝን ጋሼ በአንድ ከሰዓትና በሁለት ስኒ ቡና ሰጡኝ።

ቆይቼ ይህን እርማት የት እንደተማሩት ጠየቅኳቸው። የነገሩኝን የቅኔ ቤት ደጅ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኛ የስክሪፕት ሰዎች ግን ጆሮ አልሰጠነውም። ተማሪው የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት። ከዚያ ደረጃ በደረጃ እየወጣ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። መወድስ ካልተቀኘሁ ብሎ በመጀመሪያው ቀን የሚነሣ የለም። ቀን ከሰው ርቆ ይቆጥራል፣ ማለትም ቅኔውን በልቡ ያዘጋጃል፤ በሰዓቱ መምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይነግራል። መምህሩ እዚያው ያርሙታል፣ ጓደኞቹም ይሰማሉ። የትናንቱን ዛሬ ደግሞ ይዞ መቅረብ የለም፤ ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ ነው።

እስቲ አስቡት። ቅርጹ አጭር ነው፤ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ቀኑ የተቆረጠ ነው፤ እርማቱ በሰው ፊት ነው። የአጭር ፊልም ጽሑፍ ውድድር ማለት እኮ ይህ ነው፤ የጎደለው ኩኪሱ ብቻ ነው። እኛ ይህን ትምህርት ቤት ከአባቶቻችን ወርሰን፣ ዘመናዊ ውድድር ስናቋቁም ከሁሉ በፊት አውጥተን የጣልነው እርማቱን ነው። በሰምና ወርቃችንም በየመድረኩ እንኮራለን። ስክሪፕታችን ውስጥ ግን ሰው ሁሉ ልቡ ያለውን በአፉ ይዘረግፈዋል። የተናደደው «ተናድጃለሁ»፣ ያፈቀረው «አፍቅሬሻለሁ» ይላል። ሰሙ የት ሄደ? ወርቁን ባደባባይ አስጥተን ምን እንዲፈለግ ነው የምንጠብቀው?

ስለ ገጽ ቁጥርም አንድ ነገር ልናገር፤ ይህችን የሚያነሣት ሰው አላየሁም። ውድድሮቻችን «ከአሥር ገጽ ያልበለጠ» ይላሉ፤ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው ከሚለው የሆሊውድ ልማድ የተቀዳ ነው። ያ ልክ የተሰፋው ኩሪየር በሚባለው የታይፕ ፊደል፣ በ12 ቁመት፣ ለእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ «አልነገረችኝም» ብሎ በአንድ ቃል የሚጨርሰውን እንግሊዝኛው አምስት ቃል ይፈልግለታል። ፊደላችንም ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር በአንድ ላይ ይዞ ይሄዳል። ያንን ሦስተኛ የወጣ ስክሪፕቴን ሰዓት ይዤ፣ እንቅስቃሴውንም እያሰብኩ ጮክ ብዬ ሳነበው አሥሩ ገጽ አሥራ አራት ደቂቃ ሆነ። አንዱ በኒያላ ፊደል በ10 ቁመት አጭቆ ይልካል፤ ሌላው በ14 ዘርግቶ ይልካል፤ ሁለቱም «አሥር ገጽ» ናቸው። በየትኛው ፊደልና ቁመት እንደሚቆጠር ቅጹ ላይ የጻፈ አዘጋጅ አልገጠመኝም። የሚለካውን ሳያውቅ የሚመዝን ሰው በገበያ ቢገኝ ሚዛኑን ይሰብሩበት ነበር።

«አገር ውስጥ ካልተመቸህ ውጭ ላክ» የሚሉኝ አሉ። ልኬያለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። የሠላሳ ዶላር ማስገቢያ ያኔ 1,700 ብር ገደማ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ብሩ ቢገኝ እንኳ በዶላር የሚከፍል ካርድ ስለሌለኝ ዋሺንግተን ያለውን የአጎቴን ልጅ መለመን አለብኝ። እሱም በየጊዜው «አሁንም እዚያው ነገር ላይ ነህ?» ይለኛል።

ይሁን እንጂ እውነቱን አልደብቅም፤ እዚያ የተሻለ ነገር አለ። ኤንዋይሲ ሚድናይት የሚባለው የአጭር ስክሪፕት ውድድር ዘውግ፣ ርዕሰ ጉዳይና ገጸ ባህርይ አድሎ ይለቅሃል። ዙሩ በገፋ ቁጥር የሚሰጥህ ጊዜም ገጽም ይጠባል። ብትወድቅም የዳኞቹ አስተያየት በጽሑፍ ይደርስሃል። በ2001 እ.ኤ.አ. ዋሺንግተን ዲሲ የተጀመረው የ48 ሰዓት የፊልም ውድድርም ለቡድኑ ዘውግ በዕጣ ያወጣለታል፤ አንድ ገጸ ባህርይ፣ አንድ ዕቃና አንድ የንግግር መስመር ይሰጠዋል፤ ከዚያ ቅዳሜና እሑድ ጽፎ፣ ቀርጾ፣ አቀናብሮ ያስረክባል። ይህን ሳይ ሳቄም ንዴቴም እኩል መጣብኝ። የቅኔ ቤታችንን መልሰው በዶላር የሚሸጡልን መሰለኝ።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ልምጣ፣ ወደ ጸሐፊ ጓደኞቼ። አዘጋጁን ስሰድብ አብራችሁኝ ስታጨበጭቡ ነበር፤ ጨርሻለሁ ብላችሁ አትነሡ።

አብዛኞቻችን ስክሪፕታችንን ለሰው አናስነብብም። ለምን? «ሐሳቤን ይሰርቁኛል።» አንድ ወዳጄ አለ፤ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ የአጭር ፊልም ሐሳብ ብብቱ ሥር ይዞ ይዞራል። ለእኔ እንኳ የነገረኝ ግማሹን ነው። እስካሁን አንድ ገጽ አልጻፈም። ስለ ሕጉ እንነጋገር ከተባለ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሐሳብ ጥበቃ አይሰጥም። ተጽፎ የተቀመጠን ሥራ ግን ምዝገባ ሳይጠይቅ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቃል። ስለዚህ ያልተጻፈው ሐሳብህ ከማንም አያስጥልህም፤ የጻፍከው ነው የሚያድንህ። ስርቆት የለም አላልኩም፤ አለ፤ የተሰረቀበትም ሰው አውቃለሁ። ነገር ግን ሌባን ፈርቶ እህል ሳይዘራ የከረመ ገበሬ የሚጎዳው ማንን ነው?

ሌሎቻችን ደግሞ አንዱን ስክሪፕት ሳንነካው ከውድድር ውድድር እናዞረዋለን። እኔ አንዱን ለአራት ውድድር ልኬዋለሁ፤ የቀየርኩት ሽፋኑ ላይ ያለውን ቀን ነው። አራት ጊዜ ወድቆ አራት ጊዜም ዳኛውን ረገምኩ። «ዘመድ ለዘመድ ነው»፣ «አሸናፊው አስቀድሞ ይታወቃል» አልኩ። አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ምቹ ትራስ ነበር፤ ተደግፌበት ሁለት ዓመት ተኛሁ።

ትልቁ ሕመማችን ችኮላው ነው። አጭር ፊልም ጽፈን ሳንጨርስ «ረጅሙን መቼ ልሥራ» እንላለን፤ አጭሩን እንደ ፎርፌ እናየዋለን። ሕይወት አድማሱ በ2015 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል የደረሰችው «ኒው አይስ» በተባለ አጭር ፊልም ነው። የቤዛ ኃይሉ «አልዓዛር»ም በ2024 እ.ኤ.አ. ካን ላይ በሃያስያን ሳምንት የታየው በአጭር ፊልምነቱ ነው። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማንም ተመልከቱ። በ2008 እ.ኤ.አ. «ጤዛ»ን ይዘው ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን ወሰዱ። ሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳሉ «አወር ግላስ» የተባለውን አጭር ፊልማቸውን የሠሩት ግን በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። በመካከሉ ሠላሳ ሰባት ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ሠርተዋል፤ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ለብዙ ትውልድ ፊልም አስተምረዋል። እኛ በሁለተኛው ስክሪፕታችን ስማችን በአዳራሽ ካልተጠራ አገሪቱ ኪነ ጥበብ ጠላች እንላለን።

እኔ ያንን ስክሪፕት እንደገና ጻፍኩት። ልጁ አሁን ከእንቅልፉ አይነቃም፤ ፊልሙ ሲጀምር ሚኒባስ ውስጥ ነው፣ «ወራጅ አለ» ይላል፣ ረዳቱ አይሰማውም። ሽማግሌው ከነዛፋቸው ወጥተዋል። እናቱን ቀብሮ ሲመለስ ስለ ሐዘኑ አንድም ቃል አይተነፍስም፤ የእናቱን ነጠላ ገመድ ላይ ያገኘዋል፣ ደርቋል፣ ሳያነሣው አልፎት ይገባል። አሥር የነበረው ገጽ ስድስት ሆነ። ለአሥረኛ ውድድር ላክሁት። አልተመረጠም። እንደ ልማዱም ማንም አንድ መስመር አልጻፈልኝም። ይህን ጊዜ ግን ረጋ ብዬ አነበብኩትና አራተኛው ገጽ ላይ የላላ ትዕይንት አገኘሁ። ጋሼን ሳልጠይቅ ራሴ አገኘሁት። ስድስት ዓመት ስሮጥለት የነበረው ሽልማት ይኸው እሱ ነበር፤ በካዝና የሚያስቀምጠው ስፖንሰር አልነበረም።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። አዘጋጆች ሆይ፣ ኩኪሳችሁን ውሰዱት፣ የክብር እንግዳችሁንም አሰናብቱ። የገጹን ልክ በፊደሉ ዓይነትና ቁመት ወስናችሁ ቅጹ ላይ ጻፉልን። ዳኞቹ እነማን እንደሆኑና አንዱን ጽሑፍ ስንት ሰው እንዳነበበው ንገሩን። ያሸነፈውን ስክሪፕት ተዋንያን ቁጭ ብለው ጮክ ብለው ያንብቡልን፤ ለምን እንዳሸነፈ በጆሯችን እንስማ። የተሸነፍነውንም ሰዎች ጽሑፋችንን ከነቀይ እስክሪብቶው መልሱልን። ግማሽ ገጽ ይበቃናል። ይህን ማድረግ ካቃታችሁ «ውድድር» አትበሉት፤ የፎቶ ፕሮግራም በሉትና እኛም ለብሰን እንምጣ።

አንተም ወዳጄ፣ አዘጋጁ እስኪሻሻል አትጠብቅ፤ ጊዜህ ያልቃል። በየሰፈሩ አንድ ጋሼ፣ አንዲት እትዬ አይጠፉም፤ «ማን እንዲህ ይላል?» ብለው የሚጠይቁህ። በወር አንድ አምስት ገጽ ጻፍ፤ ይዘህላቸው ሂድ፤ ቡናውን አንተ ግዛ። ሲያርሙህ አትሟገት፤ ቤትህ ገብተህ ሁለት ቀን ታመም፣ በሦስተኛው ቀን ተነሥተህ ጻፍ።

መጨረሻ ላይ ያንን ሐሳቡን በብብቱ የያዘውን ወዳጄን ጋሼ ዘንድ ወሰድኩት። «ብናገር ይዘርፉኛል ብሎ ፈርቶ ነው» አልኳቸው። ሳቁ። በቅኔ ቤት ቅኔ ማውጣት ራሱ ‹መዝረፍ› እንደሚባል አስታወሱን፤ ተማሪም ተማረ የሚባለው መዝረፍ የቻለ ለታ ነው። ከዚያ ቀይ እስክሪብቷቸውን ከፍተው ወደ ወዳጄ ባዶ ደብተር ጠጋ አሉ።

«ልጄ» አሉት፣ «የሚዘረፍ ነገር እንዲኖርህ መጀመሪያ አንተ ዝረፍ።»